7 ዓመት «ዘንድሮስ አይቀርም» ያልኩበት ልብስ ስፌት

የራሴን ልብስ ስፌት ቤት መክፈት የቆየ ሕልሜ ነው። መስቀል በመጣ ቁጥር «ዘንድሮስ አይቀርም» እላለሁ። ሰኔ ሲገባ እጄ ላይ ምንም የለም።

ችግሬ ገንዘብ ማጣት ይመስለኝ ነበር። አንድ ማታ ደብተር አውጥቼ ቁጭ አልኩ። ለካ ስንት ብር እንደሚያስፈልገኝ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም! በሕልሜ ያለው ሱቅ አራት ማሽን፣ ትልቅ መስታወትና ሁለት ሠራተኛ አለው። ለመጀመር የሚበቃኝ ግን አንድ ያገለገለ የእግር ሲንጀር፣ ጥሩ መቀስ፣ ሜትርና ካውያ ነው። ሙሉውን ስጠብቅ ነው ዓመታቱ የሄዱት።

ሌላው ስህተቴ ከደመወዜ የሚተርፈውን አስቀምጣለሁ ማለቴ ነው። ደመወዝ አይተርፍም። ስለዚህ የሰፈር እቁብ ገባሁ። እቁብ ወለድ የለውም፤ የምትወስዱት የጣላችሁትን ያህል ነው። ዕጣው ቀድሞ ለወጣለት እንደ ብድር፣ መጨረሻ ለደረሰው እንደ ቁጠባ ይሆናል። እኔን ያዳነኝ ግን ሰዉ ነው። እሑድ እሑድ ዳኛውና ጸሐፊው ይጠብቁኛል። ዋስ የሆነችኝ ጎረቤቴ አለች። ራሴን ስንት ጊዜ አታልያለሁ፣ እሷን ግን እንዴት ብዬ?

በ11ኛው ሳምንት ዕጣው ወጣልኝ። ሲንጀሩን በዚያው ሳምንት ገዝቼ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያ ሥራዬ የጎረቤቴን ልጅ የዩኒፎርም ሱሪ ማሳጠር ነበር። ክሩ ሁለቴ ተበጠሰብኝ፣ እጄም ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጁ ግን ሰኞ ለብሶት ሄደ።

አሁን የጨርቁ ጠርዝ እንዳይተረተር ለሚሰፋው ለኦቨርሎክ ማሽን ሁለተኛ እቁብ ጀምሬያለሁ።