የአደን ጠመንጃህን በርሜል እንዲህ አጽዳው

ከሁሉ በፊት ጥይቱን አውጣ። መቀባበያውን ስበህ ጥይት የሚገባበትን ክፍል በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። እባክህ ይህን አትዝለል፤ «ባዶ ነው» የተባለ ጠመንጃ ስንቱን ገድሏል።

መቀባበያው ተነቅሎ የሚወጣ ከሆነ የማጽጃ ዘንጉን ሁልጊዜ ከኋላ ወደ አፈሙዙ ግፋ። የአፈሙዙ ጫፍ በዘንግ ከተፋተገ ጠመንጃው ዒላማ ይስታል። መጀመሪያ ማጽጃ ፈሳሽ የነካ ጨርቅ አሳልፍ፣ ትንሽ ተወው፣ ከዚያ የነሐስ ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር አመላልስ፤ መሃል ላይ አትመልሰው። ጨርቁ ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋግም። ጥቁሩ የባሩድ ጥላሸት ነው። አሞኒያ ባለው ማጽጃ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከወጣ ግን የመዳብ ቅሪት ነው።

በአሮጌ ማውዘር ጠመንጃ የድሮ የወታደር ጥይት የምትተኩስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የብዙዎቹ ጥይቶች መለኮሻ (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል) ሲቃጠል በርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ እርጥብ አገር ከሆንክ በአንድ ሌሊት ዝገት ሊያስጀምር ይችላል፤ ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም። ስለዚህ በዚያው ቀን የፈላ ውሃ ከኋላ በኩል አፍስስበት። ሙቀቱ ራሱ ቶሎ ያደርቀዋል። ከዚያ እንደ ወትሮው አጽዳ።

በመጨረሻ ስስ ዘይት ቀባ። ለአደን ከመውጣትህ በፊት ግን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። በቆዳ ማህደር ውስጥ ለወራት አታስቀምጠው፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።