ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ የበረራ ሰዓቱን ከትኬቱ ላይ ማስላት

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጭሩ የአየር መስመር ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ለክቶ ማግኘት አይቻልም። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በስተ ደቡብ ብትሆንም ከደለስ የተነሳ አውሮፕላን መጀመሪያ የሚያቀናው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ በድቡልቡል ምድር ላይ አቋራጩ እሱ ነው።

ለግምት ያህል ርቀቱን ለ900 አካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። ወደ አዲስ አበባ ለሚደረገው የቀጥታ በረራ ይህ ይቀራረባል። ወደ አሜሪካ ግን አይሠራም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጣሉ። ሙሉ ተሳፋሪና ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ባንዴ ተሸክሞ መነሳት ስለሚከብድ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ይታረፋል። ወደ ምዕራብ ሲበረር ደግሞ ነፋሱ ፊት ለፊት ይገፋል። ስለዚህ 16 ሰዓትና ከዚያም በላይ ያዙ።

አሁን ትኬቱን ተመልከቱ። መነሻውም መድረሻውም የተጻፈው በየከተማው ሰዓት ነው። ልዩነቱ በክረምታቸው 8፣ ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ 7 ሰዓት ነው። ለምሳሌ በጁላይ ሰኞ 22:30 ተነስቶ ማክሰኞ 08:00 የሚደርስ በረራ 9 ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ 7 ሲደመርበት 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ስትመለሱ ትቀንሳላችሁ፦ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00 የሚደርሰው 20 ሲቀነስ 7፣ 13 ሰዓት ነው።

ሰው በረራ የሚያመልጠው ግን በዚህ ስሌት አይደለም፤ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ነው። ትኬት ላይ ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። «ረቡዕ 00:30» ማለት እኛ ማክሰኞ ከሌሊቱ 6:30 የምንለው ነው። ማክሰኞ ማታ ቦሌ መገኘት ሲገባው ረቡዕ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ የሚመጣ አይጠፋም። ወደ እኛ ሰዓት ለመመለስ ከትኬቱ 6 ቀንሱ፤ ውጤቱ 13ና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ 12 ቀንሱ። ትኬቱ ላይ ያለው ከ7 ሰዓት በታች ከሆነ ግን 6 ደምሩ። 22:30 ከምሽቱ 4:30 ነው። ሊሸኛችሁ ለሚመጣ ዘመድ ቀኑን «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» ብላችሁ ንገሩት።

ከደለስ ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ የምትቀጥሉ ከሆነ፣ ሻንጣው እስከ መጨረሻው መድረሻ ታግ ቢደረግም እዚያው ደለስ ተረክባችሁ በጉምሩክ አሳልፋችሁ መልሳችሁ ማስረከብ አለባችሁ። የኢሚግሬሽን ሰልፍም አለ። በሁለቱ በረራዎች መካከል 3 ሰዓት ተዉ፤ የአንድ ሰዓት ተኩል ትራንዚት ርካሽ ቢሆንም አትግዙት።