የምንጭ ውሃ ሳይጣሉ ለመካፈል፦ ለሰሜን ሸዋ ደጋ የውሃ ኮሚቴዎች

ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ምንጩን ለኩ። በመንዝና በጣርማ በር በኩል በጥቅምት ለሁሉም የሚተርፍ ምንጭ፣ በልግ ካልጣለ ሰኔ መግቢያ ላይ ይሟሽሻል፤ የሚታመነው የሰኔው ልክ ነው። ውሃውን በጭቃ ገድባችሁ በአጭር ቱቦ አውጡና 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ቁጠሩ። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ።

በ100 ሰከንድ ከሞላ በቀን 17,280 ሊትር ይወጣል። ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ብታስቡ 690 ሰው ያህል ይችላል። ማጠራቀሚያ ሳይኖር ቦኖው ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ብቻ ከተከፈተ ግን የሚቀዳው 144 ጀሪካን ነው፤ ለ115 ሰው። የወረፋ ጠብ ምንጩ ይህ ነው። 10 ሺህ ሊትር ሮቶና ስድስት ቧንቧ ያለው ቦኖ ነገሩን ያቃልለዋል።

ታዲያ ሌሊት የሚፈሰው ውሃ ባክኖ የሚቀር አይምሰላችሁ። ከታች ያለው ሰው ከብቱንና ድንቹን ሲያጠጣበት ኖሯል፤ ሮቶው ሲተከል የሚደርቀው የእሱ ቦይ ነው። ስለዚህ ቁፋሮ ሳይጀመር ጥሩት፣ ስምምነቱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ከዚያ ለከብት፣ የተረፈው ለመስኖ ቢባል እንመርጣለን። የሮቶው ትርፍ ውሃ በቱቦ ወደ ከብት ገንዳ ይውረድ እንጂ ቦኖው ሥር ጭቃ አይሥራ። (ምንጩ ጸበል ከሆነ አስቀድሞ ከካህናቱ ጋር መነጋገር ነው።)

ግንባታው ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምንጩ ላይ የሚሠራው የውሃ መሰብሰቢያ ሳጥን የትርፍ ውሃ መውጫ ነው። ከምንጩ ዓይን ከፍ ብሎ ከተሠራ ውሃው ወደ ኋላ ይገፋል፣ በሌላ በኩል ሾልኮ ይወጣል፣ ሳጥኑም ባዶውን ይቀራል። መውጫው ከዓይኑ እኩል ወይም ዝቅ ይበል፣ ቱቦው ከመቅጃው ቱቦ ይወፍር፣ አፉ በወንፊት ይሸፈን። ከሳጥኑ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቁፈሩ፤ ዙሪያውን እጠሩ። መጸዳጃ ቤት በ30 ሜትር ውስጥ አይቆፈር፤ ባህር ዛፍም በአቅራቢያው አትትከሉ።

ክፍያው በጀሪካን ከሆነ ድሃው ክረምት ሲገባ ወደ ወንዝ ይመለሳል። በቤተሰብ እኩል ከሆነ ደግሞ ጠላ ጠማቂዋ ብቻዋን ከምትኖር አሮጊት ጋር እኩል ትከፍላለች። የሚያዋጣው በቤተሰብ መነሻ መዋጮ ይዞ ለንግድ የሚቀዳውን በጀሪካን ማስከፈል፣ አቅም የሌላቸውን በስብሰባ ለይቶ ነጻ ማድረግ ነው። መዋጮውን እህል በሚሸጥበት በጥር ሰብስቡ፤ ከሱ ላይ የቧንቧ ጎማና ሁለት ትርፍ ቧንቧ ገዝታችሁ አስቀምጡ።