በልክ የተሠራ የባንድ ሶው ምላጭ ቶሎ ቶሎ ሲበጠስ

ባንድ ሶው በሁለት መዘውሮች (ጎማዎች) ላይ በሚዞር ምላጭ የሚቆርጥ ማሽን ነው፤ ምላጩ ሁለት ጫፉ ተበይዶ እንደ ቀለበት የገጠመ ነው። መጀመሪያ የተበጠሰው የት ጋ እንደሆነ እዩ። ብየዳው ላይ ወይም ከብየዳው ጥግ ከሆነ ብዙ ጊዜ የበያጁ ጥፋት ነው። እኔ ዘወትር የሚያጋጥመኝ ይኼው ነው።

ሲበየድ ብረቱ በጣም ይግላል፣ ከዚያ ባንዴ ይቀዘቅዛል። ያ ቦታ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከብየዳው በኋላ እንደገና ሞቆ ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት። ደቂቃ እንኳን የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ግን ስንቱ ይዘለዋል! አንዴ አምስት ምላጭ አሠርቼ፣ ሦስቱ እንጨት ሳይነኩ ገና ሳጠብቃቸው ቀጭ ብለው ሄዱ። ስብራቱን ብርሃን ላይ አድርጌ ሳየው እንደ ስኳር ያብረቀርቃል፤ የመታጠፍ ምልክት የለውም። እንዲህ ካያችሁ ምላጩን መልሱለት። የተሰበረው ጫፍ ተቆርጦ ወጥቶ እንደ አዲስ ይበየድ፣ እንደገናም ይሙቅ። ትንሽ ስለሚያጥር ማጥበቂያው (ምላጩን የሚወጥረው) መድረሱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ስትረከቡም ዝም ብላችሁ አትውሰዱ። ጓንትና መነጽር አድርጉና ብየዳውን በመዘውራችሁ ክብ ልክ ለመጥ አድርጉት። ካልቻለው እዚያው ይሰበር። ጎኑን ዳብሱ፤ ጉብታ ካለው ምላጩን ከግራና ቀኝ በሚይዙት መሪዎች መሃል ባለፈ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ይሞረድ። ግን ከምላጩ ውፍረት በታች እንዳያሳሱት! ጀርባው ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አስጠጉ። ብርሃን ካሳለፈ ጫፎቹ ጠምመው ተበይደዋል፣ ምላጩ በዞረ ቁጥር ወደፊትና ወደኋላ ይላል።

ከብየዳው ርቆ ከተበጠሰና ስንጥቁ ከጥርሶቹ ሥር ከጀመረ፣ ብዙ ጊዜ ምላጩ ለመዘውሩ ወፍሯል። ውፍረቱ ከመዘውሩ ዲያሜትር አንድ ሺኛ አይብለጥ፤ ለ400 ሚሊ ሜትር መዘውር 0.4 ማለት ነው።

ረዝሞ ወይም አጥሮ ከመጣ ግን ጥፋቱ የለካው ሰው ነው። ማጥበቂያውን እስከ ጥግ ገፍታችሁ አትለኩ፤ መሃል ላይ አድርጉት። ሁለቱ መዘውሮች እኩል ከሆኑ ከመሃል እስከ መሃል ያለውን ርቀት በ2 አባዙ፣ ዲያሜትሩን በ3.14 አባዝታችሁ ደምሩበት። ርቀቱ 600፣ ዲያሜትሩ 400 ሚሊ ሜትር ከሆነ 2456 ይመጣል። ቁጥሩን ለበያጁ በወረቀት ስጡት፣ በቃል አይሁን።

አዲሱ ምላጭ እንጨቱን እያቃጠለ አልቆርጥ ካለ ጥርሱ ወደ ላይ ዞሮ ይሆናል። አውጡትና ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጡት።