ሁለት ቀን ሰንብቶ የሚሄደው ሰው

እናቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበራት። እኔ ገንዘቡን ልኬያለሁ። እህቴ ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች። ቦርሳው ተሰናድቶ በሩ ሥር ተቀምጧል። በዋዜማው አንድ ትልቅ ዘመዳችን ሊጠይቋት መጡ። "በዚህ ዕድሜሽ ዓይንሽን በቢላ ልታስነኪ?" ብለዋት ሄዱ። ማታ ስደውል እህቴ ከጓዳ ሆና በሹክሹክታ፣ "ቦርሳውን ፈትታዋለች፤ አልሄድም ብላለች" አለችኝ። ወደዚያ ቀጠሮ ለመመለስ አራት ወር ፈጀብን።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ከፍቅር ነው። ግን ቃሉን ጣል አድርጎ ይሄዳል፤ ጦሱ የሚተርፈው አጠገብ ላለው ሰው ነው።

እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ነበር። የዚያኑ ማታ ደውዬ ዘመዳችንን ተናገርኳቸው። ነገሩ ሕክምናነቱ ቀርቶ የክብር ጉዳይ ሆነ። እናቴም ይበልጥ አመረረች። ስለዚህ በተናደዳችሁበት ማታ ለሰውየው አትደውሉ። ለእናታችሁ ደውሉና "ምኑ ነው ያስፈራሽ?" በሏት። የእኔ እናት ዓይኗ ወጥቶ የሚመለስ መስሏት ኖሯል! የደፈረሰው ሌንስ ብቻ ወጥቶ በሰው ሠራሽ እንደሚተካ፣ ብዙ ጊዜም ዓይኑን ብቻ አደንዝዘው ሠርተው በዚያው ቀን ወደ ቤት እንደሚሸኙ ሐኪሙ ራሱ ሲነግራት ነው ልቧ የተመለሰው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን አንድ ደንብ አለው። የተወሰነውን ነገር፣ ምክንያቱንና ኃላፊነት የወሰደውን ሰው በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንጽፋለን። አዲስ መረጃ ከመጣ እንደገና እንነጋገራለን። አዲስ ሰው ስለመጣ ግን ውሳኔው አይከፈትም። የመጨረሻው ቃል ደግሞ እዚያው ሆኖ የሚያስታምመው ሰው ነው። እህቴን "እስቲ እሳቸው ያሉትንም አስቢበት" እያልኩ ስንት ቀን እንዳደከምኳት ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ሐሳብ ለሚያመጣ ሰው በአክብሮት ሥራ ስጡት። "እንግዲያው አብረዋት ሐኪሙ ጋ ሄደው ይጠይቁልን" በሉ። ከሄዱ ደግ ነው፤ ካልሄዱም ነገሩ እዚያው ይበርዳል።

ንብረት ላይ ሲሆን ጥንቃቄው ይበልጣል። አንዱ ብቅ ብሎ "ቤቱን አሁኑኑ ሽጡት፣ ገዢ አለ" ይላል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 እና 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን መሰጠት አለበት። እንግዲህ ሽያጩ በእርግጥ እስኪወሰን ድረስ "ይሽጥ፣ ይለውጥ" የሚለውን ቃል ውክልናው ውስጥ አታስገቡ። የምታምኑት ወንድማችሁ እንኳ ቢሆን፣ ሰው ሲያጣድፈው "ሥልጣኑ የለኝም" የሚልበት መውጫ ያገኛል።

አንድ የሚከብደኝን ነገር ልጨምር። ርቀን የምንኖረው ለሦስት ሳምንት ዕረፍት ወደ ቤተሰብ ስንገባ ያ ሰው እኛው ነን። የቤት ሠራተኛ እናስወጣለን፣ የመድኃኒት ሰዓት እንቀይራለን፣ ከዚያ አውሮፕላን እንሳፈራለን። እኔም አንድ ጊዜ የእናቴን አልጋ ወደ መስኮቱ አዙሬው መጥቻለሁ፤ ብርሃን እንድታገኝ ብዬ። አሁን ከመሄዴ በፊት እህቴን "ምኑን ባልነካው ይሻላል?" እላታለሁ።

"አልጋውን" አለችኝ ባለፈው። "ሌሊት ወደ መጸዳጃ የምትሄደው እርምጃ ቆጥራ ነው።"