ዲሲ ውስጥ ፖሊስ ላይ አቤቱታ እንዴት ይጻፋል? («አሰረኝ» ብዬ ጽፌ የተማርኩት)

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እየነዳን፣ ፓርኪንግ እየሠራን ብንኖርም ተረቱ አብሮን ተሻግሯል። ፖሊስ ሲያመናጭቀን «እግዜር ይይልህ» ብለን እንሄዳለን። ያው ፖሊስ በሳምንቱ ሌላውን ያመናጭቃል።

ሜይ 25 ቀን 2020 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ጆርጅ ፍሎይድን የገደለው ዴሪክ ቾቪን ከዚያ በፊት ቢያንስ 17 አቤቱታ ቀርቦበት ነበር። አብዛኛው ያለ ቅጣት ተዘግቷል። በ2017 የ14 ዓመት ልጅ ላይ ለ17 ደቂቃ ያህል ተንበርክኮ ነበር፤ የካሜራው ምስልም መዝገብ ቤት ተቀምጦ ነበር። «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» ትሉኝ ይሆናል። አቤቱታ ብቻውን ማንንም አያስቆምም፣ ልክ ናችሁ። ያልተጻፈው ግን «ተዘጋ» እንኳ አይባልም። ሰውየው ለሁልጊዜው አዲስ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በዚያው ጉዳይ ክስ ተመሥርቶባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ጠበቃችሁን አነጋግሩ። የጻፋችሁት ነገር ፍርድ ቤት ዞሮ ሊመጣባችሁ ይችላል።

1. የማን ፖሊስ ነው?

ዲሲ ውስጥ ሰማያዊ ልብስ የለበሰ ሁሉ የከተማው ፖሊስ አይደለም። ሐውልቶቹ አካባቢ ፓርክ ፖሊስ አለ። ምክር ቤቱ ዙሪያ ካፒቶል ፖሊስ፣ ባቡር ጣቢያ ደግሞ ሜትሮ ትራንዚት ፖሊስ። አቤቱታችሁን የሚቀበለው የፖሊስ አቤቱታዎች ቢሮ (ኦፒሲ) በዋናነት የሚያየው የከተማውን ፖሊስ ኤምፒዲን እና የቤቶች ባለሥልጣን ፖሊስን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ከሆነ ሌላ ስቴት ነው፣ በሩም ሌላ ነው። መኪናው ጎን ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

2. ስም፣ ባጅ፣ ሰዓት

ስምና ባጅ ቁጥር ጠይቁ። ኤምፒዲ ሲጠየቅ የመናገር ግዴታ አለበት፤ እምቢ ካለ እሱ ራሱ አንድ አቤቱታ ነው። ፊቱ ከጠቆረ ግን አትድረቁ። ትክክለኛው ሰዓት፣ የመንገዱ ስምና የመኪናው ቁጥር ካለ ሰውየው ይገኛል።

በስልክ መቅረጽ መብት ነው፤ ራቅ ብላችሁ፣ ሥራውን ሳታደናቅፉ። እኔ ግን የስልክ ቪዲዮ ከሚገባው በላይ የተወራለት ይመስለኛል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ግማሹ አስፋልት ነው የሚታየው። የተሻለው ካሜራ ፖሊሱ ደረት ላይ ያለው ነው። ከምርመራ ጋር ያልተያያዘ የደረት ካሜራ ምስል ግን በ90 ቀን ይጠፋል። የአቤቱታውም ቀነ ገደብ 90 ቀን ነው፣ ቀድሞ 45 ነበር። ዘጠና ቀን ብዙ ይመስላል። ፋሲካው፣ ልደቱ፣ ደብል ሺፍቱ ሲገባበት ሳታውቁት ያልቃል።

3. አጻጻፉ (ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው)

እኔም ወድቄበታለሁ። ሌላ ከተማ ስኖር አንድ ማታ ፖሊስ አስቆመኝ። ውረድ አለኝ፣ ኮፈኑ ላይ አስደገፈኝ፣ በካቴና ጠፈረኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል አቁሞኝ ፈታኝና «ሂድ» አለኝ። ቲኬት እንኳ አልቆረጠም።

ቤት ገብቼ እየተንቀጠቀጥኩ በአማርኛ ጻፍኩ። አንድ ወዳጄ ወደ እንግሊዝኛ መለሰልኝ። የመጀመሪያው መስመር «ያለ ጥፋቴ ደብድቦ አሰረኝ» ይላል። ወዳጄ ምን ያድርግ፣ ያየውን ተረጎመ። እኛ ዘንድ «አሰረኝ» በካቴናም ነው፣ ጣቢያ መግባትም ነው፣ ዓመት መፍረድም ነው። መርማሪው የተረዳው ተደብድቤ ወህኒ መውረዴን ነው። መዝገብ ሲያገላብጡ በስሜ የታሰረ ሰው የለም። «ደብድቦ» ያልኩትም ትከሻዬን ገፍቶኝ ነው፣ ቃሉ የንዴቴ ነው። አንድ ውሸት የመሰለ ነገር ሲገኝ ሌላው ሁሉ ውሸት ሆነ። አቤቱታው ተዘጋ።

የሚገርመው፣ እውነተኛውን ነገር አልጻፍኩትም። ካቴናው ከመጥበቁ የተነሳ ግራ አንጓዬ አብጦ ሁለት ቀን ሰዓት ማሰር አልቻልኩም ነበር።

ስለዚህ አንድ ድርጊት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። «ያዘኝ» አትበሉ፤ ምኑን ያዘ? ክንድ ነው፣ ኮሌታ ነው? «መታኝ» ከሆነ በምን፣ የት፣ ስንቴ? «ሰደበኝ» ብሎ ማለፍ ከንቱ ነው። ስድቡ እንግሊዝኛ ከሆነ እንዳለ አስቀምጡት፤ ፊደሉ ካልመጣላችሁ በአማርኛ ፊደል ጻፉት። ነውር ነው ብላችሁ አታለዝቡት። ክብሬን ነካ፣ አዋረደኝ፣ ናቀኝ የሚሉትን ለሰፈር ወሬ ተዉአቸው። የእኔ እንዲህ መሆን ነበረበት፦ «ሁለቱንም እጄን ወደ ኋላ አድርጎ ካቴና አስገባ። ጠበቀኝ አልኩት። አላላላም። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሜ ፈታኝ። ጣቢያ አልወሰደኝም።»

እናንተም ከተሳደባችሁ ጻፉት። ካሜራው ሰምቷችኋል።

በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከመታገል በአማርኛ መጻፍ ይሻላል። የዲሲ የ2004 የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነጻ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ አባቱ የተባለውን ስድብ ጮክ ብሎ የሚያነብ ልጅ ያሳዝናል። ጉግልን ደግሞ «አሰረኝ» የሚለውን አስገቡለትና ራሳችሁ ፍረዱ።

4 እና 5. ማስገባትና ሽምግልና

ማስገባቱ ቀላል ነው። በኢንተርኔትም፣ በአካል ሄዶም ይሆናል። የመዝገብ ቁጥሩን ተቀበሉ።

አንዳንዱን ጉዳይ ቢሮው ወደ ሽምግልና ይመራዋል። የእኛ ዓይነት ሽምግልና አይደለም፤ «በእኔ ይሁንብህ፣ ስለ ሽማግሌ ብለህ» የሚል የለም። የሠለጠነ ሰው መሐል ይቀመጣል፣ የተባለው ከዚያ ክፍል አይወጣም። ከተስማማችሁ መዝገቡ ይዘጋል። ያለ ምክንያት መቅረት አያዋጣም፣ አቤቱታውን ሊያስዘጋ ይችላል። መቅረብ ግዴታ ቢሆንም መስማማት ግዴታ አይደለም፤ ካልተስማማችሁ ጉዳዩ ወደ ቢሮው ይመለሳል። ደግነቱ፣ በ12 ወር ውስጥ ተመሳሳይ ክስ በሽምግልና የጨረሰ ፖሊስ ዳግም በዚያ በር አይወጣም። ነገሩ የአፍ ብልግና ብቻ ከሆነ ታረቁ እላለሁ። ቋንቋችሁን እየቀለደበት ደጋግሞ የሚያስቆማችሁ ሰው ከሆነ ግን ለመስማማት አትቸኩሉ።

6. ከዚያ በኋላ

ምርመራው ሲያልቅ፣ ቢሮው ጉዳዩን ካልዘጋው፣ ከፖሊስ ውጭ የሆነ የሕግ ባለሙያ ጥፋት መኖር አለመኖሩን ይወስናል። ቅጣቱን የሚሰጠው ግን የፖሊስ አዛዡ ነው። እንዲህም ሆኖ የቅጣቱ ነገር እዚያ ላይቋጭ ይችላል። የከተማዋ ኦዲተር በ2022 ባወጣችው ሪፖርት መሠረት 36 የተባረሩ ፖሊሶች በይግባኝ ተመልሰው፣ ለውዝፍ ደመወዛቸው 14 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተከፍሏል። ከምክንያቶቹ አንዱ የማስረጃ ማነስ ነበር። ይህ ዓይነቱ ክርክር ደግሞ ዓመታት ይወስዳል።

ስለዚህ ፎቶውን፣ የክሊኒክ ወረቀቱንና የምስክሩን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ አትማችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡ። የኔ ያበጠ አንጓ ፎቶ ስልክ ስቀይር ጠፍቷል።