ለማራቶን የሚዘጋጁ ሯጮችን በረጅም ሩጫ ቀን እንዴት ማገዝ ይቻላል?

42 ነጥብ 195 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የሚዘጋጅ ሰው በሳምንቱ መካከል የሚያደርጋቸውን አጫጭር ልምምዶች ያለ ማንም እገዛ ሊወጣቸው ይችላል። ረዳት የሚያስፈልገው በአብዛኛው ቅዳሜ ወይም እሑድ ማለዳ በሚደረገውና ከ25 እስከ 35 ኪሎ ሜትር በሚደርሰው ረጅም ሩጫ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚዘጋጁ አትሌቶች ወደ ሰንዳፋ፣ ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ ሰበታ ሲወጡ አሠልጣኞቻቸው በመኪና እየተከተሉ ውሃ ያቀብሏቸዋል፤ ሰዓት የሚያዝላቸውም፣ ሲሞቃቸው ያወለቁት ቱታ የሚሰበሰብላቸውም በዚያው መኪና ነው። በየሰፈሩ ተሰባስበው የሚሮጡ አማተሮች ግን ይህ ስለሌላቸው፣ ጉዳት ላይ ያለ፣ በዚያ ዓመት የማይወዳደር ወይም ጭራሹን የማይሮጥ ወዳጅ አንድ ማለዳውን ቢሰጣቸው ልምምዳቸው ይቃናል። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ 8 ሯጮች፣ ሁለት በጎ ፈቃደኞች፣ አንድ መኪናና አንድ ብስክሌት ላሉት ቡድን የታሰበ ነው።

በዋዜማው መረጃ ይሰብስቡ

ከእያንዳንዱ ሯጭ የሚፈልጉት መረጃ ጥቂት ነው፦ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚጠጣ፣ አስም፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም እንዳለበትና ችግር ቢገጥመው ለማን እንደሚደወል። ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፈው ይያዙት፤ እጅዎ በውሃ ረጥቦ ስልክ መነካካት አይመችም። የሕመም መረጃው ከሁለታችሁ ረዳቶች ውጪ ለማንም መነገር የለበትም።

ሰዓቱን ያስሉ

የሥራው ዋና ክፍል ይህ ነው፤ ብዙ ቡድን የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። ሯጮቹ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አብረው ቢነሡም፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ የሚሄደው 30 ኪሎ ሜትሩን 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሲጨርስ፣ በ6 ደቂቃ ተኩል የሚሄደው የሚደርሰው 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። በየ5 ኪሎ ሜትሩ እየቆመ ውሃ የሚያቀብል አንድ መኪና እስከ 15ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ሁለቱንም ሊያዳርስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን የመጨረሻው ሯጭ 15ኛውን ባለፈ በሁለት ደቂቃ ተኩል ውስጥ የመጀመሪያው 20ኛው ላይ ይደርሳል፤ 25ኛው ላይ ደግሞ ፈጣኑ የሚያልፈው ዘገምተኛው ገና 20ኛው ላይ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ መኪናው ከሁለት አንዱን መተው ግድ ይሆንበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚተወውም፣ ፀሐይ ከሌሎቹ በላይ የሚመታውና መንገድ ላይ ረጅም ሰዓት የሚቆየው የኋለኛው ሯጭ ነው። በእኔ አመለካከት የአንድ ቡድን ድጋፍ መመዘን ያለበት ለዚህ ሰው በሚያደርገው ነገር ነው፤ ፊት ያለው ሯጭ ብዙ ጊዜ ራሱን ችሎ ይወጣዋል።

መፍትሔው መንገዱን 15 ኪሎ ሜትር ሄዶ በዚያው የሚመለስ ማድረግ ነው። መኪናው በመጀመሪያ 5ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆሞ ሁሉንም ያስተናግድና ወደ መዞሪያው ሲያመራ ሁለተኛውን ረዳት ከብስክሌቱና ከውሃው ጋር 10ኛው ላይ ያወርደዋል። ይህ ረዳት ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ሯጮቹን ሲሄዱ 10ኛው፣ ሲመለሱ ደግሞ 20ኛው ላይ ያገኛቸዋል። መኪናው መዞሪያው ላይ የመጨረሻውን ሯጭ ጠብቆ ካሳለፈ በኋላ ለተመላሾቹ 25ኛው ወደሚሆነው ወደ 5ኛው ኪሎ ሜትር ሲመለስ ከፈጣኑ ሯጭ ቀድሞ ለመድረስ ከ25 ደቂቃ በላይ ጊዜ ይኖረዋል። 10ኛው ላይ የቆየው ረዳት በበኩሉ የመጨረሻው ሯጭ ሲያልፍ ባዶ ጠርሙሶቹን በጆንያ ሰብስቦ በብስክሌቱ አብሮት ይመለሳል።

ውሃና መጠጡን ያዘጋጁ

ለአንድ ሯጭ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ለ8 ሰው በአምስት ቦታ እስከ 8 ሊትር ይሆናል፤ ሲጨርሱ ለሚጠጡትና ለመታጠቢያ ሌላ 7 ሊትር ሲጨመር በድምሩ 15 ሊትር መያዝ አለበት። ግማሽ ሊትር የሚይዘውን ሃይላንድ ከግማሽ በታች ሞልቶ ማቅረብ ይሻላል፤ ሙሉው ለያዥም ለጨባጭም ይከብዳል። የየሯጩን ጠርሙስ በተለያየ ቀለም ፕላስተር ምልክት ያድርጉበት።

ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሮጥ ሰው ከውሃ ሌላ ኃይል ሰጪ ነገር ያስፈልገዋል፤ የተለመደው ምክር በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። ጄል (በትንሽ እሽግ የሚሸጥ ወፍራም ኃይል ሰጪ ጣፋጭ) ለብዙዎቻችን ኪስ የሚቀመስ ስላልሆነ በማርና በቁንጥር ጨው ቀጠን ተደርጎ የተበጠበጠ በሶ፣ ቴምር ወይም ሙዝ ይተካዋል። በሶ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ጠርሙሱን ሯጩ ከመድረሱ በፊት ይናጡት። ማንም ሯጭ ቀምሶ የማያውቀውን ነገር ግን በራስዎ ተነሣሽነት አያቅርቡለት፤ ሆዱ ቢረበሽ የሳምንቱ ዋና ልምምድ ይበላሻል።

የሚቆሙበትን ቦታ ይምረጡ

በጎጃም መንገድም ሆነ በደሴ መንገድ ከባድ መኪና ስለሚበዛ፣ ከኩርባና ከዳገት ጫፍ ርቆ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ የሚወጡበት ሰፊ ዳርቻ መፈለግ ያስፈልጋል። ሯጮቹ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እንዲያዩት በግራ በኩል ይሮጣሉና እርስዎም እዚያው በኩል ይቁሙ፤ ውሃ ፍለጋ መንገድ እንዲያቋርጡ ማድረግ አደገኛ ነው። አንጸባራቂ ሰደርያ ይልበሱ። ሩጫው ሳይነጋ እንዳይጀመርም ያሳስቡ፤ በእንጦጦ በኩል ለሚሮጡትማ ጅብ ማጋጠሙ እንግዳ ነገር አይደለም።

ማቀበል

ጠርሙሱን ከአንገቱ በላይ በሦስት ጣት ብቻ ይያዙት፤ ሯጩ ወገቡን ይጨብጥ ዘንድ የታችኛው ክፍል ባዶ መሆን አለበት። ክዳኑ ቀድሞ ይላላ። ክንድዎን ወደ ጎን ዘርግተው በሯጩ ደረት ከፍታ ያድርጉት፤ እጅ ለእጅ ስትገናኙ እርስዎም ወደሚሄድበት አቅጣጫ ሁለት ሦስት እርምጃ ይራመዱ፤ መጨበጡ ሲሰማዎት ይልቀቁት። ቆመው አጥብቀው ከያዙት ወይ ይወድቃል፣ ወይ ውሃው ፊቱ ላይ ይፈሳል። ሁለታችሁም ባላችሁበት 5ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሯጮቹ ተከታትለው ከመጡ 15 ሜትር ያህል ተራርቃችሁ ቁሙ፤ ከመጀመሪያው ያመለጠው ከሁለተኛው ይቀበላል።

ንግግርዎ አጭር ይሁን፦ ያለፈው ርቀት፣ ሰዓቱ፣ «በርታ» ወይም «በርቺ»። ፍጥነት ጨምር፣ ቀንስ እያሉ ማዘዝ የአሠልጣኝ ሥራ ነው።

አብሮ መሄድ

ከ20ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ በብስክሌት ወይም በእግር አብሮ የሚሄድ ሰው ለደከመ ሯጭ ብርታት ነው። ችግሩ ያልደከመ አጃቢ ሳያውቀው ፍጥነቱን ማናሩ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይሁኑ። ይህ ለልምምድ ብቻ የሚሆን እገዛ መሆኑንም አይርሱ፤ በዓለም አትሌቲክስ ሕግ መሠረት በውድድሩ ያልተመዘገበ ሰው ሯጭን ማሯሯጥ አይፈቀድለትም።

የሚያሰጉ ምልክቶች

የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የተምታታበት ወይም የት እንዳለ ግራ የገባው ሯጭ ምንም ቢል ልምምዱን ማቆም አለበት። ሰውነቱ እጅግ ከጋለ ጥላ ውስጥ አስገብተው ልብሱን ያላሉለት፤ በአንገቱ፣ በብብቱና በጭኑ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጣት ማበጥ ያለበት ሰው ደግሞ ውሃ ከመጠን በላይ ጠጥቶ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ቀጥኖ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን «ውሃ ጠጣ» ብሎ ማስገደድ ይጎዳዋል፣ ሐኪም ያየው። የደረት ሕመም ካለም ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ነው።

ከሩጫው በኋላ

የሱሉልታ ብርድ ላብ ያጠመቀውን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያንቀጠቅጠዋልና፣ ስም የተጻፈበትን የልብስ ከረጢት ከምግቡ አስቀድመው ያቀብሉ። የተጣሉ ጠርሙሶች ተለቅመው እስኪያልቁ ከቦታው አትነሡ። ከዚያ በእያንዳንዱ ቀለም ጠርሙስ ውስጥ ስንት እንደቀረ አይተው፣ ማን የት ላይ እንዳልጠጣና የትኛው ማቆሚያ እንዳልተመቸ በዚያው ወረቀት ጀርባ ጽፈው በሚቀጥለው ሳምንት ለሚተካዎት ረዳት ያስረክቡ።